«ሚስ» ምን አደረገን?

እናቴ ከሰላ ድንጋይ መጥታ መካኒሳ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች አምስት ዓመት አልፏታል። ስልክ የምታነጋግረው ግን ዛሬም ቆማ ነው። ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሚያያት ይመስል ፊቷን በመዳፏ ታብሳለች፤ «አቤት» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ሐዋሳ አጎቱ ዘንድ ለሁለት ሳምንት ሄዶ በሦስተኛው ቀን ማታ ሲደውል እንደ ልማዷ ተነሥታ ቆመች። ልጁ ከወዲያ ጮኸ። ድምፁ እኔ እስከ ተቀመጥሁበት ይሰማል።

«እማማ! በጣም ሚስ አርጌሻለሁ!»

እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ትክ ብላ ተመለከተችው። ወዲያው ሳቋ አመለጣት። «በስመ አብ! ሚስት አርጌሻለሁ ይለኛል እኮ! አንተ ልጅ፣ አያትህ እኮ ነኝ!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባለቤቴ እስኪያስላት ሳቀች። ልጁም ምን እንዳሳቀን ሳይገባው ከወዲያ ሆኖ ይሥቃል። እንዲያው በሳቅ እንደ ተጀመረ በሳቅ አለቀ፤ ስልኩም ተዘጋ።

እናቴ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው ያደረገኝ?» አለችኝ።

«ምንም አላደረገሽም እማዬ፤ እንግሊዝኛ ነው። ናፈቅሽኝ ማለቱ ነው» አልኋት።

ዝም አለች። ጣቷን በነጠላዋ ጥለት ላይ ስታመላልስ ቆየችና፣ «ታዲያ ናፈቅሽኝ ለማለት ምን አፈረ?» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም መልሱን ስፈልግ ከራርሜ ያገኘሁት ነገር ስላላስደሰተኝ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። «ይኸ ደግሞ እንግሊዝኛ ያልዘለቀው አማርኛ ጠባቂ ነው» የሚለኝ አይጠፋምና። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። እንጀራዬ እሱ ነበር። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ቋንቋ ግሦች ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ያላስረባሁት ግሥ የለምና። ቋንቋውን እወደዋለሁ። «ሚስ» የተባለውንም ግሥ በአገሩ ሳለ እወደዋለሁ። ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም፤ አምጥተን ካደረግነው ነገር ጋር ነው።

ግሡ ጥንታዊ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው የእንግሊዞች ቋንቋ «ሚሳን» ይባል ነበር። ጀርመኖችም፣ ደቾችም፣ የስካንዲኔቪያ ሰዎችም የዚሁ ወንድም የሆነ ግሥ አላቸው። የመጀመሪያ ትርጉሙ መናፈቅ አልነበረም። የወረወሩት ሳይደርስ ሲቀር፣ ያነጣጠሩት ሲሳት የሚባል ነበር። እኛም ውስጥ ገብቶ የከረመው «ሚስቴክ» መነሻ ላይ ያለችው «ሚስ» የዚሁ ዘር ናት። ዘመን ሲያልፍ እጅ ያላገኘው፣ ቀስት የሳተው ነገር ወደ ልብ ዞረና፣ ሰው አጠገቡ የነበረውን ሰው ዘርግቶ ሲያጣው፣ ባዶ ቦታ ሲዳብስ «ሚስ» ማለት ጀመረ። ከስሕተት ተነሥቶ ናፍቆት ላይ የደረሰ ቃል ነው። ይህን መንገድ በእግሩ የሄደው ግን እንግሊዙ ነው። እያንዳንዱን እርምጃ አያቶቹ ረግጠውታል። በእሱ አፍ ሲነገር ሺው ዓመት አብሮ ይነገራል።

(ሕፃናቱ አስተማሪያቸውን የሚጠሩባት «ሚስ» ግን ሌላ ናት፤ የ«ሚስትረስ» ቁራጭ ናት። የጎረቤታችን ልጅ ገና መዋዕለ ሕፃናት ናት፤ አንድ ቅዳሜ በራችን ላይ ቆማ «ሚስን ሚስ አደረግኋት» ስትል ሰምቻለሁ። ሰኞ እስኪደርስ ጨንቋት ነው። እኔም ሁለቱን «ሚሶች» ለይቼ ላስረዳት ከጅሎኝ ነበር፤ የአስተማሪነት ልክፍት መቼም አይለቅም።)

ወደ እኛ ሲመጣስ? በመጀመሪያ አማርኛ ይህን ግሥ ለመተርጎም ቸግሮት አያውቅም። እንዲያውም የሚቸገረው እንግሊዝኛ ነው፤ በአንድ ከረጢት የያዘውን እኛ ለየብቻው በየማሰሮው አስቀምጠነዋልና። በጠዋት ከጀርመን አደባባይ አቅጣጫ የሚመጣው አውቶቡስ ጥሎኝ ሲሄድ «አመለጠኝ» እላለሁ። ክፍል ካልገባሁ «ቀረሁ» ነው። ኳሷ ከግቡ ውጭ ስትሄድ «ሳተ» ነው። ከመጽሐፉ ገጽ ሲታጣ «ጎደለ» ነው። ስገለብጥ አንድ መስመር ካለፍሁ «ዘለልሁ» ነው። ልጅ ወጥቶ ካልተመለሰ «ጠፋ» ነው። እናቴ ሰላ ድንጋይ ሳለች «ናፈቀችኝ» ነበር። እንግሊዙ ለዚህ ሁሉ አንዱን «ሚስ» ያገላብጣታል። ነውር የለበትም፤ የእሱ ኑሮ ነው። እኛ ግን ሰባቱን ትተን አንዱን ስንበደር ከምን ጉድለት ተነሥተን ነው?

ልብ በሉ፤ ሰባቱ ግሦች የሚለያዩት በትርጉም ብቻ አይደለም። ማን ምን እንዳደረገ ይለያያሉ። «ቀረሁ» ያለ ተማሪ ራሱ ነው የቀረው፤ ቃሉ ምክንያት ይጠይቀዋል። «አመለጠኝ» ያለ ሰው ጥፋቱን ወደ አውቶቡሱ ያዞራል፤ አንቀላፍቶ ቢሆንም እንኳ ሮጦ ያመለጠው አውቶቡሱ ነው። ትንሽ ብልጠት አለበት፤ ቢሆንም ሁሉም ያውቀዋል። «ሳትሁ» ያለ ግን አነጣጥሮ የሳተ ነው፤ አመነ። «ክላስ ሚስ አደረግሁ፤ ባስ ሚስ አደረግሁ፤ ፔናልቲ ሚስ አደረገ» ሲባል ይህ ሁሉ ልዩነት ይሟሟል። የቀረው፣ ያመለጠው፣ የሳተው አንድ ላይ ይቆማሉ። ማን እንደ ተጠያቂ አይታወቅም።

ይኸ የመምህር መራቀቅ ከመሰላችሁ እኔ የደረሰብኝን ስሙ። አንድ መሥሪያ ቤት (የትኛው እንደ ሆነ ልተወው) የቤቴ ጉዳይ ያለበት ፋይል አለኝ። አለኝ ማለቴ ነበረኝ። ወር ሙሉ ተመላልሼ በመጨረሻ አንዲት ወጣት ኮምፒዩተሯን ነካክታ፣ «አባት፣ የእርስዎ ፋይል ሚስ አድርጓል» አለችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ አልበደለችኝም። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ሚስ አድርጓል ማለት ምን ማለት ነው? ፋይሉ ነው ያደረገው? ማንን? ከሌላ ፋይል ጋር ተቀላቀለ? ተዘለለ? ተቃጠለ? አይጥ በላው? ወይስ ሰው ወሰደው?

«ጠፋ» ብላኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት መሄድ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ምክንያቱም አማርኛ «ጠፋ» ብሎ አይቆምም። ጠፋ ከተባለ «ማን አጠፋው?» ይከተላል። ያጠፋ ካለ «ጥፋት» አለ። ጥፋት ካለ «ጥፋተኛ» አለ። የጠፋው ፋይልና የጥፋተኛው ስም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱን ስትነቅል ሌላው ይመዘዛል። ዳኛ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን በደሙ ያውቀዋል። «ሚስ አድርጓል» ግን ዘር የለውም፤ የሚመዘዝ ነገር የለበትም። ሚስተኛ የሚባል ተጠያቂ የለም። ፋይሌ በአማርኛ ቢጠፋ ኖሮ አንድ ሰው ይቆጣ፣ አንድ ሰው ይደነግጥ፣ አንድ ሰው መደርደሪያ ይወጣ ነበር። በእንግሊዝኛ ስለ ጠፋ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። እኔም «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ስወጣ ነው የታወቀኝ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ። አንድ ወዳጄ አለ፤ በአንድ ካፌ ተገናኝተን ይህንኑ ሳጫውተው፣ «ቋንቋ ይዋሳል፤ ያልተዋሰ ቋንቋ የሞተ ነው» አለኝ። ትክክል ነው። እኔ የምኖርበት ሰፈር ስም ራሱ ምስክሩ ነው። መካኒሳ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ ብሳና የምንለው ነው። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ የሚሆነው ያ ዛፍ። ከሰፈሩ ነዋሪ ስንቱ ይህን ያውቃል? እኔ ራሴ ያወቅሁት ቤት ሠርቼ ከገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በየቀኑ ታክሲ ላይ የዛፍ ስም ስጠራ ኖሬ ዛፉን አላውቀውም። ስለዚህ ድንጋይ የምወረውረው መስታወት ቤት ውስጥ ሆኜ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ።

ከኦሮምኛ የወሰድነው ግን የሌለንን ነው። ጉዲፈቻን ተመልከቱ። የሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግን ኦሮሞ በሥርዓት አደራጅቶ ስም የሰጠው ነው፤ አማርኛም ቃሉን ከነክብሩ ተቀብሎ እስከ ሕግ መጽሐፍ አደረሰው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ጉዲፈቻ ተብሎ ተጽፏል። ማንም በዚህ አልከሰረም፤ ቋንቋውም ሕጉም አተረፉ።

ጣሊያንኛንም እንይ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ታፔላ፣ ካልሲ፤ ዕቃው ሲመጣ ስሙ አብሮ መጣ። ዕቃውን ተቀብሎ ስሙን መመለስ አይቻልም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፊርማ ነው። «ፊርማ» የጣሊያኖቹ ነው። አማርኛ ግን ፊርማን ተቀብሎ ዝም ብሎ አላስቀመጠውም። አላመጠው፣ ዋጠው፣ አዋሐደው። ፈረመ አለ። አስፈረመ፣ ተፈራረመ፣ ፈራሚ፣ አፈራረም፣ አልፈርምም! ዛሬ «አልፈርምም» የሚል ገበሬ ቃሉ ከሮም መምጣቱን ቢነግሩት አያምንም። ይኸ ነው መዋስ ማለት። እንግዳው ቤት ገብቶ እግሩን ታጥቦ፣ ገበታ ቀርቦ፣ ልጅ ወልዶ ቀረ።

«ሚስ» እንዲህ አድርጓል? እስቲ አርቡት። ማሰ ትላላችሁ? አማሰ? ተማማሰ? ምሰት? አይሆንም። (ማሰ ብለን ድሮም ጉድጓድ መቆፈር ሆኖ ተይዟል።) ስለዚህ በ«አደረገ» ጀርባ ላይ ተጭኖ ይዞራል። ራሱ አይሄድም፤ ይታዘላል። ሃያ ዓመት ቢታዘልም እግር አላወጣም። ሁለት ጓደኛሞች ተለያይተው ሲከርሙ «ተነፋፈቅን» ይላሉ፤ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለቱም አሉበት፣ መመላለሱም አለበት። በአዲሱ ቋንቋ ምን ሊሉ ነው? «ሚስ ተደራረግን»? ይህን ጽፌ ራሴ ሳቅሁ። ናፍቆት የሴት ልጅ ስም ነው፤ «ሚስ ማድረግ» የሚባል ልጅ ግን እስካሁን አልተወለደም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሩን የከፈትነው እኛው ነን። አማርኛ ከጥንት ጀምሮ በ«አለ» እና በ«አደረገ» የሚሠራቸው ግሦች አሉት። ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። «ትዝ አለኝ» እንኳ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ትዝታም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግሊዝኛው የገባው በዚህ በር ነው። ቼክ አደረገ፣ ካንስል አደረገ፣ ማኔጅ አደረገ፣ ሼር አደረገ። ሰው ሰረዘ ማለት አቅቶት አይደለም ካንስል የሚለው። በሩ ሰፊ ስለ ሆነ ነው።

ሚስኮልንም አልነካውም። ተንቀሳቃሽ ስልክ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሚስኮል የሚባል ነገር በምድር ላይ አልነበረንም። ካርድ የሌለው ሰው አንዴ አስጠርቶ ሲዘጋ ምን እንደሚባል አያቶቻችን ሊያስቡበት አይችሉም ነበር። አዲስ ነገር ነው፣ አዲስ ስም ይዞ መጣ። «ሚስኮል አድርግልኝ» ስንል ደግሞ እንግሊዙ ያላሰበውን ትርጉም ሰጠነው። እሱ ዘንድ ሚስኮል ሳይነሣ የቀረ ጥሪ ነው፤ እኛ ዘንድ ሆን ተብሎ እንዳይነሣ የሚደረግ ጥሪ ነው። «ደርሻለሁ» ማለት ነው፣ «መልሰህ ደውልልኝ» ማለት ነው፣ አንዳንዴም «ደኅና እደር» ማለት ነው። ድህነታችን የፈጠረው ጥበብ ነው፤ ቃሉን በሐቅ ገዝተነዋል።

ናፍቆት ግን በ1991 ዓ.ም. አልገባም።

ናፍቆት ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ። ከልጄ ስልክ በኋላ ያሉኝን መዛግብተ ቃላት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሰነበትሁ፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን፣ የደስታ ተክለ ወልድን፣ የከሣቴ ብርሃን ተሰማን፣ ከውጭዎቹም የሌስላውን። ግዕዙ ነፈቀ ከፈለ፣ ለሁለት ቆረጠ ማለት ነው። ግማሽ ነገር መንፈቅ የተባለው ከዚያ ነው። መንፈቀ ሌሊት ሌሊቱ ለሁለት የተከፈለበት ሰዓት ነው፤ መንፈቅ ዓመትም እንዲሁ። ልቡ በሃይማኖት ለሁለት የተከፈለውን ሰው አባቶች መናፍቅ አሉት። በእኔ ንባብ ናፈቀም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። የናፈቀው ሰው ተከፍሏል። ግማሹ እዚህ መካኒሳ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ ግማሹ ሐዋሳ ነው፣ ግማሹ ቤይሩት ነው፣ ግማሹ ዋሽንግተን ነው። እንግሊዙ ናፍቆትን ያገኘው ቀስት ከሳተበት ቦታ ነው፤ የእኛ የመጣው ከተሰነጠቀ ነገር ነው። ሁለቱም ውብ ናቸው። ሁለቱን ማለዋወጥ ግን አይቻልም።

ደግሞ አሠራሩን ተመልከቱ። «ናፈቅሽኝ» ስል አድራጊዋ አንቺ ነሽ። እኔ የተደረገብኝ ነኝ። ሩቅ ሆነሽ፣ ምንም ሳትነኪኝ፣ እዚህ ድረስ መጥተሽ ከፈልሽኝ። ኃይሉ የአንቺ ነው። ፈረንሳዮችም እንዲሁ ናቸው፤ «ናፈቅሽኝ» ለማለት «ትጎድይኛለሽ» እንደ ማለት ያለ ነገር ነው የሚሉት፣ ባለቤቱ የተናፈቀው ሰው ነው። «ሚስ አርጌሻለሁ» ላይ ግን ባለቤቱ እኔ ነኝ። አድራጊው እኔ፣ ተደራጊዋ አንቺ። እናቴ አንድም ቀን ትምህርት ቤት ሳትገባ ይህን ነው ወዲያው የሰማችው፤ «ምንድን ነው ያደረገኝ?» ያለችው ስታሾፍ አልነበረም። ሰዋስው ነበር የምትጠይቀኝ። የልጅ ልጇ የናፈቃትን ያህል ኃይል ሊሰጣት ደውሎ፣ አንድ ነገር አድርጓት ስልኩን ዘጋ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዋ እመለሳለሁ፤ ምን አፈረ? ልጁን ስለ ትምህርት ቤቱ መውቀስ ይቀላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ፤ ይሁንና ግቢያቸው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘን ልጅ የሚቀጡ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ወላጅ የለም። እኔም አውቄ፣ ከፍዬ ልኬዋለሁ። ስለዚህ ድርሻዬን እወስዳለሁ። አካዳሚውንም አልወቅሰውም። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተደከመው፣ በኋላም በ1989 ዓ.ም. «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ሆኖ የወጣው ሥራ የሌሉንን ቃላት ለመፈልሰፍ ነበር። ያሉን ቃላት ከአፋችን ይወጣሉ ብሎ የሰጋ ማንም አልነበረም። ለአተምና ለሴል ስም ስንፈልግ የልብ ግሥ በጓሮ በር ወጣ።

መልሱን ያገኘሁት ግን ከትምህርት ቤትም ከአካዳሚም አይደለም። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረች፣ ዛሬ ሠላሳውን ያለፈች ወጣት ሳር ቤት አካባቢ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘችኝና ቆመን ስናወራ ይኸንኑ አነሣሁባት። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ አማርኛዋም እንደ ማር ነው። «ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርህ?» አለችኝ። «ናፈቅኸኝ ይከብዳል። ለጓደኛዬ ሚስ አርጌሃለሁ ብዬ እጽፍለታለሁ፤ ምንም አይደለም። ናፈቅኸኝ ካልሁት ግን … አለቀ። ሌላ ነገር ነው። ማለት አለብኝ እንዴ እላለሁ። ሚስ አርጌሃለሁ ቀለል ይላል፤ ባይመልስልኝም አያምም።»

እኔ ይህን ያህል በመዝገበ ቃላት ስዳክር እሷ በሰልፍ ላይ ቆማ ጨረሰችው። ቃሉ ስለ ጠፋን አይደለም የተበደርነው። ቃሉ ስለሚከብድ ነው። «ናፈቅኸኝ» ዕዳ አለበት፤ የተናገረው ሰው ይያዝበታል። «ሚስ አርጌሃለሁ» ግን እንደ ሳንቲም ተወርውሮ የሚታለፍ ነው። «ሶሪ»ም እንዲሁ ነው። በታክሲ ውስጥ እግሬን የረገጠኝ ወጣት «ሶሪ» ሲለኝ ፊቱን እንኳ አያዞርም፤ «ይቅርታ» ቢል ግን ሊያየኝ ግድ ነው፤ ይቅር እንድለው ይጠይቀኛልና። የእኔን መልስ የሚጠብቅ ቃል ነው። «ሶሪ» መልስ አይጠብቅም። «አይ ላቭ ዩ» ደግሞ በየስልኩ መጨረሻ እንደ «ቻው» ይጣላል፤ ያው ሰው «እወድሻለሁ» በል ቢባል ላብ ያሰምጠዋል።

ፋይሌም በዚሁ ሕግ ነው የጠፋው። ያቺ ልጅ «ጠፋ» ለማለት አፍራለች። «ጠፋ» ካለች አንድ ነገር ማድረግ አለባት፤ አለቃዋን መጥራት፣ ከወንበሯ መነሣት። እንግሊዝኛው ከዚህ ሁሉ ጠበቃት። ልጄ ከአያቱ ናፍቆት፣ ተማሪዬ ከጓደኛዋ መልስ፣ ጸሐፊዋ ከእኔ ቁጣ ሸሽተው አንድ ጥላ ሥር ተገናኙ። እንግሊዙ ይህን ቢሰማ የሚገርመው ይመስለኛል፤ በእሱ አገር «ሚስ» ጥላ አይደለምና። እሱ እናቱን «ሚስ» ሲላት ያስለቅሰዋል። ክብደቱን ጠረፍ ላይ አራግፈን ቀፎውን ነው ያስገባነው።

«የወጣቱን አፍ ልትዘጋ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አልዘጋም፤ ብፈልግም አልችልም። ወጣቱ ቼክ ያድርግ፣ ካንስል ያድርግ፣ ቢሮው ውስጥ የፈለገውን ያድርግ። ጥቂት ግሦች ላይ ግን እጨቃጨቃለሁ፤ ናፈቀ፣ ወደደ፣ ይቅር፣ ጠፋ። እነዚህን ሲከብዱን የምናስቀምጣቸው ከሆነ ለቀላሉማ ማንኛውም ቋንቋ ይበቃል። እኔ ከልጄ ጋር ጀምሬአለሁ። በእርግጥ ባለቤቴ «ሕፃኑን በሰዋስው ልትገድለው ነው» ብላኛለች፤ እውነት ሳይኖራት አይቀርም።

ልጁ የተመለሰው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አጎቱ በር ድረስ አመጣው። ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር ጭቃው አያስገባም፤ እናቴ ግን ገና የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን በመዳፏ አብሳ፣ በባዶ እግሯ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጁ ሮጦ ወገቧን አቀፈ። ምንም አላለም። እሷ ጠጉሩን እያሻሸች፣

«መጣህልኝ የኔ ጌታ? ያ በስልክ ያደረግኸኝ ነገር እኮ እስካሁን አልለቀቀኝም» አለችው።

ልጁ ቀና ብሎ አያት። «ምን አደረግሁሽ እማማ?»